ነጥቡን የሚቆጥረው ማን ነው?

ሰውን ለሥራ የሚያነሣሣው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ገበሬውንም፣ መምህሩንም፣ የፋብሪካ ባለቤቱንም ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። በአገራችን ገጠር የተገኘው መልስ ግን ጥንታዊና ቀላል ነው። ጤፍ ሲደርስ አንድ ገበሬ ማጭዱን ይዞ ብቻውን ቢሰማራ የማሳው ስፋት ገና ሲያየው ያደክመዋል። ደቦ ሲጠራ ግን ሥራው ያው ሆኖ ሳለ መልኩ ይለወጣል። አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በግራ ያለው በቀኝ ያለውን ቀድሞ ዳር ለመድረስ ይሽቀዳደማል፤ ጠላው ይዞራል፤ ማሳውም ሳይታወቅ ያልቃል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህን ለመሰለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በደቦ ማሳ ላይ ማን ስንት እንዳጨደ ሁሉም ያያል። ዛሬ ጎረቤቴ ለእኔ ያጭዳል፤ ነገ እኔ ለእሱ አጭዳለሁ። ፉክክሩም፣ ዘፈኑም፣ ጠላውም የጋራ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ይህንኑ የደቦ ብልሃት የሚመስል ነገር በኪስዎ ይዘው ይዞራሉ። ስልክዎ በቀን ስንት እርምጃ እንደተራመዱ ይቆጥራል። የቋንቋ መማሪያው ፕሮግራም ለተከታታይ 30 ቀናት ስላልቀሩ ያሞግስዎታል። ባንክዎና የመድን ድርጅትዎ ነጥብ ይሰጡዎታል። በአፕ የሚጠራ ታክሲ የሚነዳውን ወንድምዎንም ስልኩ «ሦስት ጉዞ ብቻ ቀርቶሃል» ይለዋል። ይህ አሠራር «ጌሚፊኬሽን» ይባላል፤ ይኸውም ጨዋታ ያልሆነውን ነገር በጨዋታ ሥርዓት፣ ማለትም በነጥብ፣ በደረጃ፣ በፉክክርና በሽልማት ማደራጀት ማለት ነው። ቃሉን በ2002 እንደፈጠረው የሚነገርለት ኒክ ፔሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ከታሪኩም ዋና ዋናዎቹ ምዕራፎች የተጻፉት እኛው በምንኖርበት በጆሃንስበርግና በአካባቢው ነው። ይህን ታሪክ ስንከተል አንድ ጥያቄ በእጃችን ይዘን እንሂድ፤ ነጥቡን የሚቆጥረው ማን ነው? የሚቆጥረውስ ለማን ነው?

ቃል የሌለበት ፈተና

ጀርሚስተን ወርቅ የወለዳት ከተማ ናት። በ1920 የተቋቋመው የራንድ ሪፋይነሪ ወርቅ ማጣሪያ ዛሬም እዚሁ ይገኛል። በአካባቢው በነበሩት ማዕድናት ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ሠራተኞች ይሰማሩ ነበር። ቋንቋቸው ብዙ፣ ብዙዎቹም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ስለነበሩ ማንን ለየትኛው ሥራ ማሰማራት እንደሚገባ ኩባንያዎቹን ያስቸግራቸው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳይመን ቢስሁቨል የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ለደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል የችሎታ መፈተኛ ክፍል ይመራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1946፣ ብሔራዊ የሠራተኞች ጥናት ተቋም በእሱ መሪነት በጆሃንስበርግ ተቋቋመ። ይህ ተቋም ለማዕድን ሠራተኞች ያዘጋጀው ፈተና ለሚያየው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስል ነበር። አዲስ ገቢው ሠራተኛ ድምፅ የሌለው ፊልም ይታይለታል። ፊልሙ ምን ማድረግ እንዳለበት በተግባር ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ብሎኑን ከብሎን፣ ዳዶውን ከዳዶ ይለያል፤ የተበታተነውን ይገጣጥማል፤ ኩብ እንጨቶችን እንደታየው ምሳሌ ይደረድራል። ሰዓት ይያዝበታል፤ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቡም መሠረት ይመደባል።

ብልሃቱን መናቅ አይገባም። ያልተማረውን ሰው በማያውቀው ቋንቋ ከመፈተን ይህ ሺህ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን ነጥቡ የሚመዘገበው ለኩባንያው ጥቅም ነበር። ከዚህም በላይ በ1926 የወጣው የማዕድን ሥራ ሕግ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቁትን ሥራዎች ለጥቁሮች ዘግቶ ስለነበር፣ ሠራተኛው የቱንም ያህል ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ ከአንድ ጣሪያ በላይ አያልፍም። ጨዋታው የእጁን ቅልጥፍና ለክቶ ሲያበቃ፣ የሚያገኘውን ማዕረግ የሚወስነው ግን የቆዳው ቀለም ነበር። እንግዲህ ነጥብ ብቻውን ፍትሕ አለመሆኑን ይህች ከተማ ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት አይታለች።

ኮምፒዩተሩ ሰውን ሲያጠና

በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾውና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ተማሪዎች «ሙድ» የሚባል ጨዋታ ሠሩ። ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ነበር። ባርትል ተጫዋቾቹን ለብዙ ዓመታት ከተመለከተ በኋላ በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ በአራት መደባቸው። አንዱ ነጥብና ደረጃ የሚያሳድድ ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ነገር ማሰስ የሚወድ ነው፤ ሦስተኛው ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚመጣ ነው፤ አራተኛው ሌላውን ማሸነፍና ማስጨነቅ ደስ የሚለው ነው። አስተማሪ ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አራቱም በየክፍሉ፣ በየረድፉ ተቀምጠው ይታያሉና። አንድ ዓይነት ሽልማት አራቱንም እኩል እንደማያነሣሣም መምህር ሁሉ ያውቃል።

በ1980 ደግሞ ቶማስ ማሎን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች የኮምፒዩተር ጨዋታን ለምን እንደሚወዱ አጠና። የደረሰበትም ውጤት ሦስት ነገሮችን ያስቀድማል፤ ግብ ያለውና ከአቅም ጋር የተመጣጠነ ፈተና፣ ምናብና የማወቅ ጉጉት። ገንዘብና ሽልማት ከሦስቱ ውስጥ እንደሌሉ ይመለከቷል።

ሽልማት አንዳንዴ እንደሚጎዳም ቀደም ሲል ታይቶ ነበር። በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን መርጠው በሦስት ከፈሏቸው። ለመጀመሪያዎቹ «ከሣላችሁ ወርቃማ ኮከብና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ከሣሉ በኋላ ተሸለሙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሥዕል ዕቃው ያለ ምንም ሽልማት ሲቀርብ፣ አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ጨዋታቸው ሥራ ሆኖባቸው ነበር። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ካርድ በተሰጠ ማግስት ደብተሩን የሚዘጋውን የደረጃ ተማሪ ያየ ሰው ይህ ነገር አይገርመውም።

የ1997ቱ ነጥብ

አሁን ወደ ጆሃንስበርግ እንመለስ። በ1992 ኤድሪያን ጎር «ዲስከቨሪ» የተባለውን የጤና መድን ኩባንያ መሠረተ። ኩባንያው በ1997 «ቫይታሊቲ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ሐሳቡ ሲታይ ቀላል ነው። ደንበኛው ሲታመም የሚከፍለው መድን ሰጪው ነው። ስለዚህ ደንበኛው ጤነኛ ሲሆን ሁለቱም ይጠቀማሉ። ጂም የሄደ፣ የጤና ምርመራ ያደረገ፣ ሲጋራ ያልነካ ሰው ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ከሰማያዊ ወደ ነሐስ፣ ወደ ብር፣ ወደ ወርቅ ከፍ ያደርገዋል፤ በደረጃው ልክ የዋጋ ቅናሽ ይሰጠዋል። በ2009 ከፒክ ኤንድ ፔይ ሱቆች ጋር በመስማማት ጤናማ ምግብ ለሚገዛ ደንበኛ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ገንዘብ መመለስ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የአፕል ሰዓት ነው። ደንበኛው ሰዓቱን በትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ይወስዳል። የወሩን የእንቅስቃሴ ግብ ከሞላ የዚያን ወር ዕዳ አይከፍልም፤ ካልሞላ ይከፍላል። ይህ አሠራር የተመሠረተው ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ላይ ነው፤ ሰው ከሚያገኘው ይልቅ የሚያጣው ይበልጥ ይከነክነዋል። ራንድ ዩሮፕ የተባለው የጥናት ድርጅት (ስሙ ከገንዘባችን ቢገጥምም ዝምድና የለውም) በ2018 ባወጣው ጥናት በደቡብ አፍሪካ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከ400,000 በላይ ሰዎችን መዝገብ ተመልክቶ፣ ሰዓቱን በዚህ ውል የወሰዱት እንቅስቃሴያቸው በአማካይ በ34 በመቶ እንደጨመረ ገልጿል። ከጆሃንስበርግ የተነሣው አሠራር እስከ ቻይና ድረስ ተሠራጭቷል።

እንግዲህ ነጥብ ሰውን እንደሚያንቀሳቅስ አይካድም። ይህኛው ነጥብ የሠመረበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቆጣሪውና ተቆጣሪው ጥቅማቸው አንድ አቅጣጫ ስለተመለከተ ነው። ሆኖም አብዛኛው የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ የግል የሕክምና መድን ስለሌለው ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ወገናችን እርምጃው ብዙ ቢሆንም የሚቆጥርለት የለም።

አንድ ሌሊት፣ ሁለት ነጥብ

በዚያው በ1997 ኮሊን ካምረር፣ ሪቻርድ ቴለርና ሁለት ባልደረቦቻቸው የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎችን የሥራ ሰዓት መርምረው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። እንደ እነሱ ግኝት ብዙው ሾፌር ለቀኑ የሚሆን ግብ በልቡ ይይዛል። ሥራ በሞላበት ቀን ግቡን ቶሎ ሞልቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሥራ በጠፋበት ቀን ደግሞ እስኪሞላለት ይዞራል። ሄንሪ ፋርበር የተባለ ሌላ ሊቅ በኋላ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉዞዎችን መርምሮ አብዛኞቹ ሾፌሮች እንዲህ አይደሉም በማለት ተከራክሯል። እኛ ግን እንነጋገር ከተባለ፣ «የዛሬዋን የመኪና ኪራይና ነዳጅ ካወጣሁ በኋላ 500 ራንድ ይዤ እገባለሁ» የማይል ሾፌር ጥቂት ነው።

ይህ የሾፌሩ የልብ ግብ የሶፍትዌር መሣሪያ ሆነ። ኡበር ወደ ጆሃንስበርግ የመጣው በ2013 ነው፤ ዛሬ ቦልት የሚባለውም ተከተለ። ኒውዮርክ ታይምስ በሚያዝያ 2017 ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ኡበር በአሜሪካ ሾፌሮቹን በሥራ ላይ ለማቆየት የሥነ ልቡና ጥናት እንደተጠቀመ አስነብቧል። ሾፌሩ ስልኩን ሊያጠፋ ሲል አንድ የገቢ ግብ ላይ ለመድረስ ትንሽ ብቻ እንደቀረው የሚነግር መልእክት ይመጣለታል። አንዱ መንገደኛ ሳይወርድ ቀጣዩ ጉዞ ይታየዋል። ጥሩ ለሠራም የምስጋና ምልክት ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ከኮምፒዩተር ጨዋታ የተወረሰ ነው።

አሁን አንድ አስገራሚ ነገር ላሳይዎ። በ2011 የተጀመረው የዲስከቨሪ የመኪና መድን የአነዳድ ነጥብ ይሰጣል። በድንገት ፍሬን የያዘ፣ ከልክ በላይ የፈጠነ፣ እየነዳ ስልክ የነካ ነጥቡ ይቀንስበታል። ሌሊት መንዳትም ነጥብ ያስቀንሳል፤ ሌሊት አደጋ ይበዛልና። በአፕ የሚጠራው ታክሲ ደግሞ ሌሊት መንገደኛ ሲበዛና ሾፌር ሲያንስ ዋጋውን ከፍ አድርጎ «ና ውጣ» ይላል። ስለዚህ በጀርሚስተን መንገድ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንዱ ስልክ ሾፌሩን ይቀጣዋል፣ ሌላው ይሸልመዋል። ሰውየው ያው ሰው፣ መንገዱም ያው መንገድ፣ የመኪና ነጣቂውም ፍርሃት ያው ነው። የተለያየው የቆጣሪው ጥቅም ብቻ ነው። መድን ሰጪው መኪናው እንዳይጋጭ ይፈልጋል፤ አፑ መኪናው እንዳይቆም ይፈልጋል። ልጆቹ አባታቸው በደኅና እንዲገባ የሚፈልጉት ፍላጎት በሁለቱም ነጥብ ውስጥ አልተመዘገበም።

እኔ ራሴ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ አፕ ጋር ስሠራ፣ ለእኔ በሳምንት 60 ጉዞ፣ አብሮኝ ለሚያድር ጓደኛዬ 45 ጉዞ ለአንድ ዓይነት ጉርሻ ይጠየቅ ነበር። ለምን እንደተለያየ ጠይቀን መልስ ያገኘንበት ጊዜ የለም። አሠሪ አለቃ ቢሆን ኖሮ ቢሮው ሄዶ መከራከር ይቻላል። ከጨዋታ ጋር ግን ማን ይከራከራል? በዚህ አገር የሥራ ክርክር አስማሚው ኮሚሽን በ2017 የኡበር ሾፌሮች ተቀጣሪዎች ናቸው ብሎ ወስኖ ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት ግን በጥር 2018 የአገር ውስጡ ኩባንያ ተቀጣሪዎች መሆናቸው አልተረጋገጠም በማለት ውሳኔውን ሻረው። አለቃ «ቆይ» ሲል ሕግ ያውቀዋል፤ ነጥብ «ቆይ» ሲል ግን ሰውየው በገዛ ፈቃዱ የቆየ ይመስላል።

ፕላዝማና ወንጪ

ይህን ሁሉ ስናገር ማያ ያለው ነገር ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ለማነጻጸር ከአገራችን ሁለት ታሪኮችን ልጥቀስ።

ከ2004 አካባቢ ጀምሮ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ተማሪው «ፕላዝማ» ይለዋል። ትምህርቶቹ የተዘጋጁት እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። ገጠር ያለ ተማሪ ቤተ ሙከራ ሳይኖረው ሙከራውን በምስል ማየቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የማያው መምህር በእንግሊዝኛ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ መልሱን ራሱ ይናገራል። እኛ መምህራን ገና ተማሪው ጥያቄውን ሳይጽፍ መልሱ ሲያልፍ ቆመን እናይ ነበር። እጁን ያወጣ ልጅ ማያው ስለማያየው እጁን መልሶ ያወርዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እጁን ማውጣት ይተዋል።

ሁለተኛው ታሪክ የወንጪ ነው። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጠ። ታብሌቶቹ የመጡት በታሸገ ካርቶን ሲሆን አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 ፕሮግራም ይከፍት ጀመር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይሰማ ነበር። ይህ የባለቤቶቹ ምስክርነት ስለሆነ በዚያው ልክ ይወሰድ። ማንበብ መቻል ደግሞ ከዚህ እጅግ የራቀ ጉዞ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ባለሙያዎቹ ልጆቹ የማያውን መልክ እንዳይቀይሩ በሶፍትዌር ቆልፈውት፣ ካሜራውንም ዘግተውት ነበር። አምስት ወር ገደማ ሲሆን ልጆቹ ቁልፉን አልፈው እያንዳንዱ ታብሌቱን በራሱ መልክ አደራጀው፤ ካሜራውንም ከፈቱት። ለዚህ ነጥብም ሽልማትም አልተዘጋጀም ነበር። አጠገባቸው እርስ በርስ የሚያሳያዩት ጓደኛ ነበር፤ የተዘጋም በር ነበር። ልጆቹ ከሁሉ በላይ የተነሣሡት የጨዋታውን ሕግ በእጃቸው ሲያስገቡ ነው። በፕላዝማው ክፍል የጠፋው፣ በወንጪ የተገኘው ይኸው ነው።

የራስዎን መዝገብ ይያዙ

ታሪኩ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በዚህ ከተማ የተወለዱ ልጆቻችን ፊደልና አማርኛ የሚማሩባቸው የስልክ ጨዋታዎች እየበዙ ነው፤ መልካም ነው። ወላጅ ሆይ፣ ልጅዎ ስንት ኮከብ እንዳገኘ ከመጠየቅዎ በፊት ስልኩን አስቀምጦ ለአያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር በስልክ መናገር ወይም መጻፍ እንደቻለ ይመልከቱ። ኮከቡ ሲቀር የሚቀጥል ነገር ካለ ጨዋታው ሥራውን ሠርቷል። ኮከቡ ሲቀር ሁሉም ነገር ከቀረ ልጁ የተማረው ኮከብ መሰብሰብን ነው።

ሾፌር ወንድሜ፣ ለአንተ ደግሞ ከዕቁብ የተሻለ ትምህርት የለም። ዕቁብም እኮ ዕጣ ያለበት፣ ልብ የሚያንጠለጥል፣ ሰውን ለቁጠባ የሚያነሣሣ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ዳኛውንና ጸሐፊውን የመረጥነው እኛ ነን፤ መዝገቡ በፊታችን ይገለጣል፤ ዕጣውም ሁሉም እያየ ይወጣል። በጄፒ ስንቱ ሱቅ በዚህ ተከፈተ! የአፑ ነጥብ ግን መዝገቡ ካልታየ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ የ10 ራንድ ደብተር ግዛና በየቀኑ አራት ነገር ጻፍበት፤ የወጣህበትን ሰዓት፣ የገባህበትን ሰዓት፣ ለነዳጅ ያወጣኸውን፣ በእጅህ የቀረውን። በሳምንቱ መጨረሻ የቀረውን ለሰዓቱ አካፍለው። ከዚያም ከጓደኞችህ ጋር ተቀምጣችሁ ደብተራችሁን አነጻጽሩ። ለጉርሻው ብለህ የነዳህባቸው የሌሊት ሰዓቶች ከቀኑ ሰዓት ይልቅ ያመጡልህ ስንት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል። የሚያዋጣ ከሆነ አውቀህ ትወጣለህ፤ የማያዋጣ ከሆነ ስልኩ የፈለገውን ያህል ቢጮህ አጥፍተኸው ትተኛለህ።

ቸር ይግጠመን።